በእኛ ዘመን የሞላሁት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ቤታችን በገባ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቀኑንና ሰዓቱን ማስተካከል ነበር። ገጣጥሞ የሸጠልን ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶት ነበር የመጣው። እኔ ደግሞ በቤቴ ሁለት ዘመን እንዲኖር አልፈልግም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አንድ ነገር፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ሌላ ነገር የሚናገር ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት የሚዋሽ ዕቃ አይቀመጥም። ስለዚህ ዓመቱን ወደ እኛ ዓመት አወረድኩት። ወሩን በተራ ቁጥር አስገባሁት፤ መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት እያልኩ። ማሽኑ ሐምሌን ኖቬምበር ብሎ ይጽፈዋል፣ እኔ ሐምሌ ብዬ አነበዋለሁ። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለት ይላል። በጥቅምት ሁለት ቀን ይጎድልበታል፣ ጳጉሜንን ጨርሶ አያውቃትም፤ እሱን በእጄ እያስተካከልኩ ኖርን። ማንም አልተጎዳም።

ቤታችን ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከላይ ይወርድና ከሰዓት በኋላ ግቢውን ይሞላዋል። መንገዱ ይጨቀያል። መብራቱ በፈረቃ ነው፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። የመጀመሪያ ልጄ በዚያ ክረምት ከዚህ ዳገት ለመውረድ ቆርጣ ነበር። ካራ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ህንድ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለመምህራን ነፃ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ ሰምታ አመለከተች፤ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፈች። የቀራት ዲግሪዋን፣ ትራንስክሪፕቷንና የልደት ካርዷን ስካን አድርጋ በኢሜይል መላክ ነበር። የመጨረሻው ቀን በሐምሌ ወር ውስጥ ዓርብ ቀን ላይ ይውላል። እስከዚያ ካልደረሰ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ይህን በሩን ተደግፋ ስትነግረኝ ድምጿ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

"ሲግናል ሰፈር አንድ ኢንተርኔት ቤት አለ፤ እዚያ ወስጄ አስደርገዋለሁ" አለች።

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"ዋና ማስረጃ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። በወጣትነቴ የማትሪክ ውጤቴን ዋናውን "ኮፒ አድርገን እንመልስልሃለን" ላሉኝ ሰዎች ሰጥቼ፣ እነሱም ጥለውት፣ ትምህርት ቤቱም መዝገቡ ተቃጥሎ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴን የሚያውቁ እግዚአብሔርና እኔ ብቻ ቀረን። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ብቻዬን ነው ያወቅሁት። እንግሊዝኛን ሁለት መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ አንዱን በአማርኛ ሌላውን በእንግሊዝኛ፣ መዝገበ ቃላት መሐል አስቀምጬ ተማርኩ። በመሥሪያ ቤት ከእኔ ተምረው የሄዱ ልጆች አለቃ ሆነው ተመልሰዋል። ወረቀት ነበራቸው። ስለዚህ የልጆቼ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑም ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። አባት የሆነ ሰው እንደዚህ ማድረግ አለበት ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

እምቢ ብዬ ብቻ ግን አልቀረሁም። ከመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ አንድ ስካነር አወጣሁ። ከሥሩ ካርቶን ውስጥ የፕሮግራሙ ሲዲ ነበረ። "ይኸው፣ ወረቀቱ ከቤት አይወጣም፤ ፎቶው ብቻ ነው የሚወጣው" አልኳት። ስካነሩን ዞር ብላ አየችውና ትከሻዋን ሰበቀች።

መጫኑ ሁለት ምሽት ፈጀ። ማሽኑ ቀርፋፋ ስለሆነ አይደለም፤ ውሉን ስላነበብኩት ነው። ፕሮግራሙ ከመጫኑ በፊት ረጅም ጽሑፍ ያመጣል፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፣ "እስማማለሁ" እና "አልስማማም"። እኔ ሳላነብ እስማማለሁ አልልም። ለልጆቼም ስነግራቸው የኖርኩት ይህን ነው፤ የሰው ቃል ከገዛ አፉ አንዴ ከወጣ የእሱ ነው። መዝገበ ቃላቱን ይዤ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ይህን እኮ በዓለም ላይ ያነበበው ሰው የለም" አለች ልጄ።

"እንግዲያው የመጀመሪያው እሆናለሁ።"

"የጻፉት ራሳቸውም አላነበቡትም።"

እናቷ ከጓዳ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሠላሳ ቀን በነፃ መሞከር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ መግዛት ነው፤ ማባዛት ስርቆት ነው ይላል። ትክክለኛ ሆኖ አገኘሁት። ተስማማሁ። ዲግሪዋን መስታወቱ ላይ አስተኝቼ ክዳኑን ስዘጋ ብርሃኑ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፤ ማኅተሙ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። የልደት ካርዱንም ጨመርኩ። የቀረው ትራንስክሪፕቱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ገና አልወጣም። ጠበቅን። አንድ ነገር ግን ልብ አላልኩም፤ ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ ዓይነት ፋይል ነበር። እሱ ካልከፈታቸው ማንም አይከፍታቸውም።

ትራንስክሪፕቱ የመጣው ማክሰኞ ነው፤ የመጨረሻው ዓርብ ሦስት ቀን ሲቀረው። ፈረቃው ስላልነበረን ለረቡዕ አስተላለፍነው። ረቡዕ እኔ ሥራ ውዬ እሷ አብሮ የሚላከውን የማመልከቻ ደብዳቤ ስትጽፍ ዋለች። ማሽኑ ደብዳቤው ላይ ቀኑን በራሱ ይሞላል፤ የሞላው ቀን ግን ከስምንት ዓመት በፊት የነበረ ኖቬምበር ሆነ። ህንዶቹ ይህን ቢያዩ ምን ይላሉ? ልጄ ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የሚያስፈልገውን አደረገች። የማሽኑን ዘመን ወደ ፈረንጅ አስተካክላ፣ ደብዳቤዋን ጨርሳ፣ በፍላሽ ገልብጣ ወጣች።

ወደ ማታ ገብቼ፣ ትራንስክሪፕቱን መስታወቱ ላይ አስተኝቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። "የሙከራ ጊዜዎ አልቋል" አለኝ።

ሠላሳው ቀን ገና አላለቀም ነበር፤ እኔ አውቃለሁ። ለእሱ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዘመን አልፎበታል። ዘመኑ እንደተነካ ሳይ ልጄን ጠራኋት።

"ማን ነካው?"

"እኔ። በኖቬምበር የተጻፈ ደብዳቤ ልላክ እንዴ?"

"በሐምሌ ነው የተጻፈው።"

"አባዬ፣ በሐምሌ መሆኑን የሚያውቀው ይህ ቤት ብቻ ነው።"

ዘመኑን ወደ ነበረበት መለስኩት። እውነቱን የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ፕሮግራሙ ሌላ መስኮት ከፈተ፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ እንደተመለሰ ደርሼበታለሁ፣ ከእንግዲህ አልሠራም ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ በመዝገበ ቃላት አጣራሁት። አታላይ ነህ እያለኝ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ግትር፣ ደረቅ፣ ጨቅጫቃ። አታላይ ያለኝ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው፤ የሚከራከሩትም ነገር አይደለም። የሚጫኑት አንድ ቁልፍ ብቻ አለው፣ "እሺ" የሚል።

ሐሙስ ፈረቃችን አልነበረም። ሆኖም ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሳይታሰብ ብልጭ አለ፤ ሮጬ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙን ከማሽኑ አውጥቼ እንደገና ብጭነው ሠላሳ ቀኑን እንደ አዲስ ይሰጠኛል ብዬ አሰብኩ። ይህ ማታለል ነው ወይስ አይደለም ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ ያላለቀ ቀን ስላለኝ አይደለም ብዬ ወሰንኩ። ማውጣት ስጀምር ጠየቀኝ። እነዚህ ፋይሎች የጋራ ናቸው፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ፣ ላጥፋቸው? አለ። የጋራ። እኔ በሰፈራችን ዕድር ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። የጋራ ድንኳን፣ የጋራ ድስት፣ የጋራ ወንበር አንድ ሰው ብድግ ብሎ አያጠፋውም፤ ሌሎቹን ይጠይቃል። "አይጥፉ" አልኩት። ሌላም አመጣ፣ አይጥፋ አልኩት። ሌላም። እንደዚያ እያልን ፕሮግራሙ ወጣ ተባለ፤ እንደገና ስጭነው ግን ገና ሳይከፈት "የሙከራ ጊዜዎ አልቋል" አለኝ። እዚያው ተቀምጦ ኖሯል።

ልጄ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። "የጋራ ሲልህ ምን አልከው?"

"የጋራ ነገር አይጠፋም አልኩት።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "አባዬ፣ የፕሮግራም እንጂ የዕድር ዕቃ አይደለም እኮ!"

እሷ ተቀምጣ ሁሉንም "ይጥፋ" እያለች እንደገና አወጣችው፤ እንደገና ጫነችው። ያው ነው። ስክሪኑ ባዶ ቢሆንም ማሽኑ ሆዱ ውስጥ የያዘውን አልረሳም። የዲግሪዋና የልደት ካርዷ ፎቶ ደግሞ እዚያው ተቆልፎባቸዋል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በማንኛውም ደቂቃ መብራቱ ሊሄድ ይችላል።

ልግዛው ብዬ ነበር። ይህን የምጽፈው ስስታም እንዳልባል ነው። መስኮቱ "አሁን ይግዙ" ይላል፤ የካርድ ቁጥር ያስገቡ ይላል። ምን ካርድ? በዚያን ጊዜ ደብተር ይዤ ወረፋ የምቆምበት ባንክ እንዲህ ያለ ካርድ አልነበረውም። ሐቀኛ ልሁን ብል እንኳ ሐቄን የሚቀበለኝ አልነበረም። ሰው መስረቅ የማይፈልግ ሆኖ፣ መግዛትም የማይችል ሆኖ፣ መጠበቅም ጊዜው አልፎበት የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ያን ዕለት እዚያ ነበርኩ።

ልጄ ከቦርሳዋ ሌላ ሲዲ አወጣች። በላዩ በእስክሪፕቶ ቁጥር ተጽፎበታል። "አብራኝ የምታስተምር ልጅ ናት የሰጠችኝ። ይህን ቁጥር ካስገባን ይከፈታል።"

"ይህ ስርቆት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ?"

"ነገ ዓርብ ነው አባዬ።"

"በቤተ ክርስቲያን ለወጣቶች አትስረቅ እያልኩ እያስተማርኩ በገዛ ቤቴ ይህን አላደርግም። አበቃ።"

  ልጄ ቀስ ብላ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበች። ከኮምፒውተሩ ጋር የተሰጠንን ሲዲ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ማሽኑን የሚያስነሳው ዋናው ፕሮግራም ያለበት ነው። በላዩ በእስክሪፕቶ ቁጥር ተጽፎበታል።

"ይህስ?" አለችኝ።

ያንን ሲዲ ብዙ ጊዜ በእጄ ይዤዋለሁ። ጽሑፉንም አይቼዋለሁ። ገጣጣሚው ሲያስረክበኝ ዕቃው ሙሉ ነው ብሎኝ እኔም ሙሉ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ሁሉን የማጣራ ሰው ያንን አላጣራሁም። ስብከት ያዘጋጀሁት በዚያ ነው። ልጆቼን ስለ ታማኝነት የመከርኩበትን ጽሑፍ ያተምኩት በዚያ ነው። የቆምኩበት ወለል ራሱ የሰው ነበር።

"እና አሁን ምን ይደረግ? ማሽኑን ወንዝ ልጣለው?" አልኳት።

"ማሽኑን አላልኩም። እኔን ልቀቀኝ ነው ያልኩት።"

እንዲህ አላለችም ነበር፤ ስለ ማሽኑ ነበር የተናገረችው። ግን ማንም ሰው አላረማትም። እናቷ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። የካራ ገበሬ ልጅ ናት፤ ስትናደድ በኦሮምኛ ታጉረመርማለች፣ ጉዳዩን ስትጨርስ ግን በአማርኛ ነው። "አንተ ሰውዬ" አለችኝ፣ "ወረቀቱንም ልጅቷንም አንድ ሳጥን ውስጥ ልትቆልፍ ነው እንዴ?"

መብራቱ ሄደ። ሁላችንም በየነበርንበት ቀረን።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ከሥራ አስፈቅጄ መጣሁ። ወረቀቶቹን ከሳጥኑ አውጥቼ በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጋዜጣ፣ ጋዜጣውን እንደገና በላስቲክ ጠቀለልኩና ኮቴ ውስጥ አስገባሁት። ልጄ ጃንጥላ ይዛ ከፊት ከፊቴ ወረደች። በታክሲው ውስጥ ክንዴን ደረቴ ላይ አጣምሬ ስቀመጥ ረዳቱ "አባባ፣ ታመዋል እንዴ?" አለኝ። አልታመምኩም አልኩት።

ሲግናል ያለው ኢንተርኔት ቤት ጠባብ ክፍል ነው። ጄኔሬተሩ በር ላይ ይጮኻል፤ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ወጣቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ባለቤቷ ወፍራም ሹራብ የለበሰች ጎልማሳ ሴት ናት። ተራችን ሲደርስ እጇን ዘረጋች።

"መጀመሪያ አንድ ጥያቄ አለኝ" አልኳት። "ስካን የሚያደርገው ፕሮግራም የተገዛ ነው?"

ሴትዮዋ ልጄን አየቻት። ልጄ ጣሪያውን አየች።

"አባባ" አለች ሴትዮዋ፣ "እዚህ ቤት ውስጥ የተገዛው ወንበሩ ነው፤ እሱም አንድ እግሩ ተሰብሯል።"

ወጣቶቹ ሳቁ። አንዱ "ፋዘር ኢንስፔክተር ናቸው" ሲል ሰማሁት። ልወጣ እችል ነበር። ወጥቼ በር ላይ ብቆም፣ ሳላይ ሳልሰማ ሥራው ቢያልቅ፣ ንጹሕ ነኝ ማለት ይቻለኝ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ እጁ እንዳይነካ ዞር ይላል፣ ጥቅሙ ግን እንዲደርሰው ይፈልጋል። ያ ከመስረቅ የባሰ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ቆየሁ።

"ይስጡኝ እንጂ" አለች።

"እኔ ራሴ አስቀምጠዋለሁ።"

"ይሁን እሺ።"

ዲግሪውን አስተኛሁት። "ዘሟል" አለች። አቃናሁት። "አሁንም ዘሟል።"  ሦስተኛው ላይ ቁልፉን ተጫነችው። የልደት ካርዱ ተከተለ። ትራንስክሪፕቱን ሳስተኛ ጥያቄ መጣብኝ።

"ከተላከ በኋላ ከዚህ ማሽን ይጠፋል?"

"አዎ፣ አጠፋዋለሁ።"

"ወዴት?"

"ቅርጫት ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ይኸው።"

"ከቅርጫቱስ?"

"ቅርጫቱንም ባዶ አደርገዋለሁ።"

"ባዶ ሆነ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። እኔ ቤት አንድ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አጥፍተነው እስካሁን አለ።"

እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ተቆጥታ አይደለም፤ ደክሟት ነው። "አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ ልጅዎ እንድትሄድ ነው እንድትቀር ነው የሚፈልጉት?"

ወጣቶቹ ሳቃቸውን ተዉ።  "እንድትሄድ" የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር፤ እውነት ስላልነበረ አልወጣም። "እንድትቀር" የሚለውም እውነት አልነበረም። ከዚህ በፊት ያልገባኝን ነገር ሁሉ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ፈልጌዋለሁ። ይህ ግን ቃሉ ሁሉ የገባኝ ጥያቄ ነበር።

ልጄ ቀና አላለችም። ስክሪኑን እያየች "አባዬ፣ ትራንስክሪፕቱ ከጀርባም አለው፤ ገልብጠው" አለችኝ።

ገለበጥኩት። ክዳኑን ዘጋሁት።

መስመሩ ቀርፋፋ ነበር። አንዴ ተቋረጠ፤ ከወረፋው "ኧረ ቶሎ በሉ" የሚል መጣ። ልጄ እንደገና ጀመረችው። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሁለቱን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ልጅ ሆና እኔ ፊት ፊደል ስትቆጥር እንደዚያ ነበር የምትቀመጠው። ከዚያ "ተልኳል" የሚል መጣ። ሴትዮዋ ፎቶዎቹን አጠፋችልኝ፣ ቅርጫቱንም ባዶ አደረገችው፤ ሌላ አልጠየቅኋትም።

ወረቀቶቹን ከመስታወቱ ላይ ሳነሣ ልጄ እጇን ዘረጋች። በጋዜጣና በላስቲክ አልጠቀለለቻቸውም፤ በሁለት መጽሐፍ መሐል አድርጋ ከራሷ ቦርሳ ውስጥ አስገባቻቸውና ዚፑን ዘጋችው። ስጪኝ አላልኳትም። በታክሲ ቀበና ወረድን። ዳገቱን ስንጀምር ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሷ ጃንጥላዋን አጥፋ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ በየድንጋዩ ላይ እየረገጠች፣ በፍጥነት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀስ በይ ብዬ እጮህባት ነበር።

ከመስቀል በፊት መልስ መጣላት፤ ተቀብለዋታል። ስታነብልኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ፤ እንዲያ ማለትም ነበረብኝ። ከዚያ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ብዙ ቆምኩ።